ጀስቸር ምንድን ነው?

ጀስቸር ማለት ሐሳብን፣ ስሜትን ወይም ፍላጎትን ለሌላ ሰው ለማሳወቅ የሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ሥራ ነው፤ ራስ መነቅነቅና ትከሻ መስበቅም ግን ይገቡበታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በጂ ፊደል ይጀምራል፤ ሲነበብ ግን «ገ» ሳይሆን «ጀ» ነው።

የእጅ እንቅስቃሴ ሁሉ ጀስቸር አይባልም። ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ዘርግታ የተቀመጠች ነጋዴ እጇን ፊቷ ላይ ብታወዛውዝ ዝንብ እያባረረች ይሆናል፤ «በዚህ ዋጋ አይሆንም» እያለችም ይሆናል። እንቅስቃሴው አንድ ዓይነት ነው። ጀስቸር የሚሆነው ሁለተኛው ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ለሰው የተላከ መልእክት አለው።

አንዳንዱ ጀስቸር ቃል ሳይታከልበት ራሱን ችሎ ይናገራል። ወሎ ውስጥ አቦሉና ቶናው ተጠጥቶ በረካው ሲቀዳ፣ እንግዳ መዳፉን ሲኒው አፍ ላይ ቢያደርግ «በቃኝ» ማለቱ እንደሆነ ቡና የምታፈላዋ ታውቃለች። ሽማግሌ ሲመርቁ ሁሉም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «አሚን» ይላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተቀላቅለው በሚኖሩባቸው በደሴና በኮምቦልቻ፣ እጅ ለእጅ መጨባበጥ የማይፈልግ ሰው ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ሰላምታው ሙሉ ነው፤ ማንም አልተናቀም። ለእኔ ከከተማችን ምልክቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለውን ጀስቸር ኤምብሌም ብለው መድበውታል። ኤምብሌም የሚሠራው አገሩ ሲስማማበት ነው፤ ስለዚህ ድንበር ሲሻገር ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል። አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አጋጥሞ ቀለበት መሥራት ለአሜሪካዊ «ደህና ነው» ማለት ነው፤ ለጃፓናዊ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ብራዚል ውስጥ ደግሞ ጸያፍ ስድብ ነው። እኛ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን ወደ ራሳችን እናጥፋለን። መዳፍን ወደ ላይ አዙሮ በሌባ ጣት ብቻ መጥራት፣ በተለይ ለታላቅ ሰው ሲሆን፣ እኛ ዘንድ ንቀት ነው። አሜሪካዊው ግን በዚያው ጣት ወዳጁን ይጠራል።

ሌላው ዓይነት ጀስቸር ከንግግር ጋር አብሮ የሚወለድ ነው። አንድ ሰው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን መንገድ ሲገልጽ አስተውሉ። አፉ «ቁልቁል ወረድን» ብቻ ይላል። እጁ ግን ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ወደ ግራ ተመልሶ፣ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መንገዱ ጠመዝማዛ መሆኑን የነገረን እጁ ነው፤ በቃላቱ ውስጥ አንድም መታጠፊያ አልነበረም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ የነገሩን መልክ የሚስለውን እንቅስቃሴ ለብቻው መድቦታል። «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» እያሉ የማይጨበጥ ሐሳብን በሁለት መዳፍ እንደሚመዝኑት ማድረግ፣ በጣት መጠቆምና ንግግሩን እየተከተሉ እጅን መምታት ሌሎቹ ምድቦቹ ናቸው።

እጅ የሚንቀሳቀሰው ለተመልካች ብቻ ነው ብለን እንዳንደመድም የሚያደርግ ጥናትም አለ። ጃና አይቨርሰንና ሱዛን ጎልዲን-ሜዶው እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ ከተወለዱ ጀምሮ ማየት የማይችሉ ልጆች ሲናገሩ እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ያንን የሚያደርጉት የሚያዳምጣቸውም ሰው ዐይነ ስውር መሆኑን እያወቁ ነው። የማንንም እጅ አይተው አልተማሩም፤ የሚያያቸውም የለም። እጅ የተናጋሪው የራሱ የማሰቢያ መንገድ ጭምር ነው ማለት ነው።

የጎልዲን-ሜዶው ሌላ ግኝት መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል። የሒሳብ ጥያቄ እንዴት እንደሠሩ የሚያስረዱ አንዳንድ ልጆች በአፋቸው የተሳሳተ መንገድ እየተናገሩ፣ በእጃቸው ግን ወደ ትክክለኛው መንገድ የሚያመራ ነገር ያሳያሉ። አፍና እጃቸው የተለያየባቸው እነዚህ ልጆች ትምህርቱን ለመቀበል ይበልጥ ዝግጁ ሆነው ተገኝተዋል። እኛ ልጅን በታላቅ ፊት እጁን ሰብስቦ እንዲቆም እናስተምራለን። አክብሮቱ ደግ ነው፣ ይቀጥል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ክፍልፋይን የሚያስረዳ ተማሪን ግን «እጅህን ሰብስብ» ማለት አይገባም፤ መምህሩ አፉን ከማረሙ በፊት እጁን ቢያይ የሚያገኘው ነገር አለ።

አንድ ስሕተት ግን በጥብቅ መታረም አለበት። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚነጋገሩበት የምልክት ቋንቋ ጀስቸር አይደለም። የራሱ ቃላትና የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። ዊልያም ስቶኪ የአሜሪካን የምልክት ቋንቋ አጥንቶ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳየ ወዲህ ምሁራን እየተቀበሉት መጥተዋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም እንዲሁ ነው። «በእጃቸው እየጠቆሙ ይግባባሉ» ብሎ ማለፍ ቋንቋቸውን መካድ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ ጀስቸር ስምም ግስም ይሆናል። የታወቀ የእጅ ድርጊት ሲሆን እንግሊዝኛ ለየብቻው ቃል አለው፦ በጣት መጠቆም ፖይንት፣ ለስንብት እጅ ማወዛወዝ ዌቭ፣ በእጅ መጥራት ቤከን ይባላል። በስልክ መስታወት ላይ በጣት መግፋትና ሁለት ጣት አራርቆ ሥዕል ማስፋትም ዛሬ ጀስቸር ይባላሉ።

ቃሉ ከሰውነት ወጥቶ ለደግ ሥራም ይውላል። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ መሄድ፣ ተጣልቶ የቆየን ሰው በዓል ሲደርስ ቤቱ ሄዶ «እንኳን አደረሰህ» ማለት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ እነዚህን ጀስቸር ይላቸዋል። ድርጊቱ ምንም ትንሽ ቢሆን የልብ ሐሳብ ስለሚያሳይ ነው። መንግሥታትም ለሰላም ፈቃደኛ መሆናቸውን ለማሳየት እስረኛ ሲፈቱ ዜናው በዚሁ ቃል ይጻፋል። ከጀርባው እውነተኛ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ቃሉ ላይ «ባዶ» የሚል ቅጽል ይጨመርበታል፤ እኛ ለታይታ የተደረገ የምንለው ነው።