በጃቫ የሩዝ ገበሬ መንደር፦ መሬት፣ ቤትና ንብረት

በማዕከላዊ ጃቫ ገጠር አንድ የሩዝ ማሳ ዳር ቆሞ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ አንድ ስም መጥራት አይበቃም። መሬቱ የአንድ ገበሬ ነው። የቆመው ሩዝ ግን ባለፈው ሳምንት ቀብድ የከፈለው ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ከአጨዳው ድርሻ የሚያገኙ አሉ፤ ዳር ላይ የቆመውን ኮኮናት ለስኳር የሚሆን ጭማቂውን በድርሻ የሚያልብ ሌላ ሰው አለ። ባለመሬቱ ራሱ ማሳውን በወለድ አገድ ሰጥቶ፣ አሁን በገዛ መሬቱ ላይ እኩል አራሽ ሆኖ የሚያርስበት ጊዜም አለ። በኢንዶኔዥያ የገበሬ መንደር ንብረት ማለት እንዲህ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ መብት ነው። በመንደሩ ውስጥ የሚነሳው ክርክርም መረዳዳቱም አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

መንደሩ በሕግ ስሙ «ደሳ» ይባላል። በመላ አገሪቱ ወደ 75,000 የሚጠጉ ደሳዎች አሉ፤ እያንዳንዱ በጎጥ፣ ጎጡ ደግሞ «ኤርቴ» በሚባል የጎረቤታሞች ስብስብ ይከፈላል። ሹሙን ነዋሪው ራሱ ይመርጠዋል። የሥራ ዘመኑ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የመንደር ሕግ 6 ዓመት ነበር፤ በ2024 ማሻሻያ 8 ዓመት ሆኗል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ ደሳ ከማዕከላዊ መንግሥት በጀት ያገኛል። በጃቫ ግን ሹሙና ረዳቶቹ ከዚህ በፊትም ዛሬም የሚተዳደሩበት «ቤንግኮክ» የሚባል መሬት አለ። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ማደሪያ መሬት ይባል የነበረውን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ሹሙ በሥልጣን እስካለ ድረስ ምርቱን ይበላል፣ ሲወርድ መሬቱን ለተተኪው ያስረክባል። ጠብ የሚነሳው ተሰናባቹ ሹም የሚቀጥሉትን ዓመታት ኪራይ አስቀድሞ ተቀብሎ ሲገኝ ነው። ተከራዩ ገንዘቡን ከፍሏል፣ አዲሱ ሹም ደግሞ ማደሪያ አጥቷል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ ቤንግኮክ ሲከራይ ውሉ ከሹሙ የሥራ ዘመን እንዳያልፍ ያደርጋል።

መሬቱ በሦስት ይለያል። ውሃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ «ሳዋህ»፣ በዝናብ ብቻ የሚታረሰው ደረቅ ማሳ «ተጋላን»፣ ቤቱን የከበበው ጓሮ ደግሞ «ፐካራንጋን» ይባላል። እንግዳ ሰው ጓሮውን ጫካ ቢመስለውም ከላይ ኮኮናትና ጃክፍሩት፣ ከሥሩ ሙዝ፣ ዝቅ ብሎ ካሳቫ፣ እርድና ዝንጅብል የያዘ፣ ዶሮና ፍየል የሚያድርበት ጓዳ ነው። ሳዋሁ ገና ባልደረሰበት ወር ቤተሰቡን የሚያበላው እሱ ነው።

ስፋቱ ግን ትንሽ ነው። ገበሬው ዛሬም በሄክታር ሳይሆን በ«ኡቢን» ይቆጥራል፤ አንድ ኡቢን 14 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን 500 ኡቢን አንድ «ባሁ»፣ ማለትም 0.7 ሄክታር ግድም ነው። በ1960 የወጣው የመሬት ስፋት ሕግ አንድ ገበሬ ቤተሰብ ቢያንስ 2 ሄክታር እንዲኖረው ያለመ ቢሆንም፣ በ2023 የግብርና ቆጠራ ከአገሪቱ ገበሬ ቤተሰቦች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከግማሽ ሄክታር በታች ያላቸው ነበሩ። በጃቫ ሩብ ሄክታር ያለው ሰው ደህና ገበሬ ነው። ምንም የሌለው ደግሞ በሰው ግቢ ውስጥ የራሱን ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ይህ «ንጊንዱንግ» ይባላል። ቤቱ የራሱ ነው፣ መሬቱ የሌላ።

ውሃ በሚበቃበት ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ ሩዝ፣ በሦስተኛው ወቅት በቆሎ፣ አኩሪ አተር ወይም ለውዝ ይዘራል። ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል። ዘሩ በመደብ ላይ ይፈላና 20 ቀን አካባቢ ሲሞላው ሴቶች ተሰልፈው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተክሉታል። ወደ ኋላ የሚሄዱት የተከሉትን ችግኝ እንዳይረግጡት ነው። በብዙ አካባቢ በየሁለት መስመሩ መሃል አንድ መስመር ባዶ ይተዋል፤ ብርሃንና አየር ያስገባል፣ ለአረምና ለማዳበሪያም መሄጃ ይሆናል። በ2000 የወጣውና በጃቫ በሰፊው የተዘራው «ቺሄራንግ» የተባለው ዝርያ በ4 ወር ይደርሳል። በድጎማ የሚሸጠው ማዳበሪያ እስከ 2 ሄክታር ድረስ በገበሬ ማኅበር ለተመዘገበ ሰው ስለሚሰጥ፣ በቃል ውል ብቻ የሚያርስ የእኩል አራሽ ስሙን በጊዜ ካላስመዘገበ ድርሻው ያመልጠዋል።

ሰብሉን ከሚያጠፉት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው «ወረንግ» የሚባለው፣ የሩዙን ግንድ ሥር ይዞ የሚመጥ ቡናማ ነፍሳት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተነሳው ወረርሽኝ ያስተማረው ነገር ቢኖር መድኃኒት በተረጨ ቁጥር ወረንግን የሚበሉት ሸረሪቶች ቀድመው እንደሚያልቁ ነው። መንግሥት በ1986 ለሩዝ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው አይጥ ነው። አይጥ የሚበዛው ጎረቤታሞች በተለያየ ሳምንት ሲተክሉ ነው፤ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው እየተዛወረ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው አያጣም። መድኃኒቱ መላው መንደር በአንድ ጊዜ መትከሉ ነው። አንዳንዱ ግን ማሳውን ዙሪያውን በኤሌክትሪክ ሽቦ ያጥራል። በስራገንና በንጋዊ ብዙ ገበሬዎች የሞቱት በዚህ ሽቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሌሊት ውሃ ሊያዞር የወጣው ባለማሳው ራሱ ይሞታል። ሩብ ሄክታር ሩዝ የሰው ነፍስ ያህል ዋጋ የለውም፤ ይህን ሽቦ ማንም መዘርጋት የለበትም።

አጨዳው ለመሬት አልባው የዓመት ቀለቡ ነበር። «ባወን» በሚባለው ልማድ ለማጨድ የመጣን ጎረቤት መመለስ ነውር ነው፤ አጫጁ ካጨደው ላይ እንደየአካባቢው ከስድስት አንድ እጅ እስከ ከአሥር አንድ እጅ ይወስዳል። አጫጁ ሲበዛ ባለማሳው ይከስራል። ለዚህ የተገኘው መላ «ተባሳን» ነው፦ ነጋዴ ማሳውን ዞሮ አይቶ በዓይኑ ገምቶ፣ የቆመውን ሩዝ እንዳለ ይገዛና የራሱን አጫጆች፣ አሁን አሁን ደግሞ ኮምባይነር፣ ይዞ ይመጣል። ባለማሳው ከይሉኝታ ይድናል፣ ድሀው ጎረቤት ግን ድርሻውን ያጣል። ባለማሳውም ቢሆን ሁልጊዜ አያተርፍም። ከቀብዱ በኋላ ነፋስ ሩዙን ቢያጋድመው ወይም ዋጋ ቢወርድ ነጋዴው ዋጋ ይቀንስልኝ ይላል፣ ወይ ቀብዱን ትቶ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሩዙ እየረገፈ ሌላ ገዢ መፈለግ ነው። መንግሥት በጥር 2025 ያልተፈለፈለ ሩዝ በኪሎ 6,500 ሩፒያ እንዲገዛ ወስኗል። ለጎተራ የሚቀመጠው ግን እርጥበቱ 14 በመቶ እስኪደርስ መስጣት አለበት፤ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ሲፈለፈልም ይሰባበራል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ሩዝ ከ60 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ንጹሕ ሩዝ ይወጣል።

የእርሻ ውሉ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። «ማሮ» እኩል፣ «መርተሉ» ሲሶ ነው። የ1960 የድርሻ እርሻ ሕግ ውሉ በሹሙ ፊት በጽሑፍ እንዲሆን፣ ለሳዋህ ከ3፣ ለደረቅ መሬት ከ5 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። በመንደሩ ግን ውሉ የቃል ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ያልቃል።

ከሁሉ ይልቅ ገበሬውን የሚጎዳው «ጋዳይ»፣ ማለትም ወለድ አገድ ነው። ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ገንዘብ የቸገረው ማሳውን ይሰጣል፤ አበዳሪው ዋናው እስኪመለስ ድረስ ምርቱን ይበላል። የ1960ው የስፋት ሕግ እዚህ ላይ ለድሀው የቆመ አንቀጽ አለው፦ ጋዳዩ 7 ዓመት ከሞላው አበዳሪው ከምርቱ በቂውን አግኝቷልና መሬቱ ያለ ክፍያ ይመለስ ይላል። ከ7 ዓመት በፊት ከሆነ ደግሞ ከ7.5 ላይ ያለፉት ዓመታት ተቀንሰው ለ7 ይካፈሉና በብድሩ ይባዛሉ። 10 ሚሊዮን ሩፒያ ተበድሮ 4 ዓመት የሆነው ሰው 3.5 ለ7፣ ማለትም ግማሹን፣ 5 ሚሊዮን ብቻ ከፍሎ መሬቱን ይወስዳል። ይህን ስሌት የሚያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። የሚያውቀውም ቢሆን አበዳሪው አጎቱ ወይም ጎረቤቱ ነውና ደፍሮ አያነሳውም።

ቤት በጃቫ የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጣሪያው በአራት ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራው «ጆግሎ» እና ቀለል ያለው «ሊማሳን» የቲክ ወይም የጃክፍሩት እንጨት ያለ ምስማር በመሰካካት የሚሠሩ ስለሆኑ ይፈቱና ለብቻቸው ይሸጣሉ፤ መሬቱ የሻጩ ሆኖ ይቀራል። ተሸክሞ ማቆሙ የደቦ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ምግብ ያቀርባል፣ ጎረቤት ጉልበት ያመጣል። በድሮው ቤት ከጀርባ ካሉት ሦስት ክፍሎች መካከለኛው የሩዝ እመቤት ለምትባለው ለደዊ ስሪ የተተወ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው ወደ ጡብ ዞሯል። በግንቦት 27 ቀን 2006 ዮግያካርታና አካባቢው ላይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ5,700 በላይ ሰው ሲገድል የፈረሱት በአብዛኛው የኮንክሪት ማሰሪያ የሌላቸው የጡብ ቤቶች ነበሩ። ትክክለኛው አሠራር ከመሠረቱ በላይ፣ በየማዕዘኑና ከጣሪያው በታች ኮንክሪት ማሰር ነው፤ ለአምዱ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር፣ 4 የ10 ሚሊ ሜትር ብረት፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ የ8 ሚሊ ሜትር ቀለበት። ከአምዱ ብረቱን ጎትቶ ከላይኛው ማሰሪያ ጋር ያላጠፈ ግንበኛ ግን ብረቱን በከንቱ ነው ያባከነው።

ባልና ሚስት ይዘውት የመጡት ንብረት የየራሳቸው ሆኖ «ጋዋን» ይባላል፤ በትዳር ያፈሩት «ጎኖ ጊኒ» ነው። የ1974 የጋብቻ ሕግም ይህንኑ ተቀብሏል፤ በፍቺ ጊዜ ጎኖ ጊኒው እኩል ይካፈላል። ለልጆች ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በእስልምና ሕግ ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ መስጠት ነው፤ ጃቫውያን «ወንድ በትከሻ ዘንግ ሁለት ቅርጫት ይሸከማል፣ ሴት በጀርባዋ አንድ» ብለው ይገልጹታል። ሁለተኛው እኩል ማካፈል ነው፣ ብዙ ቤተሰብም በስምምነት ይህን ይመርጣል። ቤቱ ወላጆቹን ለጦረው ልጅ፣ በተለይም ለመጨረሻው ልጅ ይቀራል። ማሳ ሲከፈል የውሃው መግቢያ መታሰብ አለበት። ውሃ ከማሳ ወደ ማሳ እየፈሰሰ ስለሚያልፍ የታችኛው ወራሽ በላይኛው ወንድሙ መልካም ፈቃድ ላይ ይወድቃል።

ወረቀቱስ? ሙሉ ባለቤትነት፣ «ሃክ ሚሊክ»፣ በ1960 መሠረታዊ የመሬት ሕግ ለግለሰብ ሲሆን ለኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ የሚፈቀድ ነው። ብዙ ማሳ ግን ለዘመናት የተያዘው «ጊሪክ» በሚባል የግብር ማስረጃ ነው። በ2021 የወጣው ደንብ ለዚህ ዓይነቱ ወረቀት የ5 ዓመት ጊዜ ሰጥቶ፣ ጊዜው በየካቲት 2 ቀን 2026 አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላ ጊሪክ ፍንጭ ብቻ ነው። መሬቱ አሁንም በአያት ስም ከሆነ ሁሉም ወራሾች መፈረም አለባቸው። ሽያጭ በተፈቀደለት የመሬት ውል ሹም ፊት፣ በሁለት ምስክር ይፈጸማል፤ ሻጩ 2.5 በመቶ፣ ገዢው እስከ 5 በመቶ ግብር ይከፍላል። ግብሩን ለመሸሽ በደረሰኝ ብቻ የሚገዛ ሰው ሻጩ ሲሞት ከልጆቹ ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል።

ከመሬት ውጭ ያለው ንብረት ትናንሽ ነው፤ ቤተሰብን የሚያድነው ግን እሱ ነው። ከብትና ፍየል በ«ጋዱህ»፣ እኛ የርቢ በምንለው መንገድ፣ ይረባል፤ አንዱ ያበላል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። በጉኑንግኪዱል ገበሬው የቲክ ዛፉን የሚቆርጠው ገንዘብ ሲያስፈልገው ብቻ ነው። በባንዩማስ ኮኮናት የሚያልበው ሰው በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ ይወጣል፤ የአበባውን ጫፍ በስሱ ይቆርጥና ማሰሮ ያንጠለጥላል። ማሰሮው ውስጥ ጥቂት ኖራ ይጨመራል፤ ያለዚያ ጭማቂው ይኮመጥጥና ምድጃ ላይ ቢውልም ስኳሩ አይረጋም። ከዛፉ ባለቤት ጋር እኩል ይካፈላሉ፤ የመውደቁ አደጋ ግን ዛፉ ላይ በሚወጣው ሰው ላይ ብቻ ነው። ሴቶች ቁጠባቸውን በወርቅ ይይዛሉ፤ ሲቸግር ከ1901 ጀምሮ ወዳለው የመንግሥት መያዣ ቤት ይወስዱታል።

እንደ እቁብ ያለው «አሪሳን» በየጎረቤቱ አለ። «ጂምፒታን» ደግሞ ከዚህ ይለያል፦ እያንዳንዱ ቤት በር ላይ ትንሽ ኩባያ ያንጠለጥላል፣ ማታ ማታ አንድ ጭብጥ ሩዝ ወይም ሳንቲም ያስቀምጣል፤ የሌሊት ተረኛ ጠባቂዎች ይሰበስቡታል። ገንዘቡ ለመንገድ መብራትና ለታመመ ይውላል፣ ጠባቂው በየቤቱ ማለፉም በዚሁ ይታወቃል። ለሞተ ሰው በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ40ኛውና በ100ኛው ቀን፣ በመጨረሻም በ1,000ኛው ቀን ድግስ አለ። ለሠርግ የመጣ ስጦታ በደብተር ይጻፋል፤ የሰጠ ሰው ሲደግስ ያንኑ ያህል መመለስ ግዴታ ነው። ድግስ በበዛበት ወር አንዳንዱ ስጦታውን ለመክፈል ይበደራል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሠሩ ኢትዮጵያውያት ከጃቫ መንደር የመጡ ሴቶችን ያውቋቸዋል። ኢንዶኔዥያ በ2015 የቤት ሠራተኛ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መላክን ብታግድም፣ በመንደሩ የሚታዩት ባለ ሴራሚክ ቤቶች ብዙዎቹ የነዚህ ሴቶች ላብ ናቸው። የላኩት ገንዘብ መጀመሪያ ቤቱን ያድሳል፣ ቀጥሎ ማሳ ይገዛል። ማሳው በወንድም ወይም በባል ስም ከተገዛ ግን ሴትየዋ ስትመለስ የሚቆጠርላት ማስረጃ አይኖራትም። የሚሻለው ውክልናውን ባለችበት አገር በኤምባሲ አስጽፋ መላክና ውሉ ላይ የራሷን ስም ማስገባት ነው፤ የባንክ መላኪያ ደረሰኞቿንም ማሳው በስሟ እስኪዞር ድረስ አለመጣል።