የማኅበራዊ ሳይንስና የትምህርት ጥናት የዘዴ ችግሮች፦ ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት የሚበላሸው ነገር

በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሪቻርድ ላፒየር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ከአንድ ቻይናዊ ወጣትና ከሚስቱ ጋር በመኪና አሜሪካን ዞረ። ያኔ በቻይናውያን ላይ ያለው ጥላቻ ገና አልበረደም። በጉዟቸው 251 ሆቴልና ምግብ ቤት ገቡ። አይቻልም የተባሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ ላፒየር ለነዚያው ቤቶች ደብዳቤ ጻፈ፤ «ቻይናዊ እንግዳ ትቀበላላችሁ?» የሚል። 128 ቤቶች መለሱ፤ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት «አንቀበልም» አሉ።

በ1934 የታተመው ይህ ጥናት ሰው የሚለውና የሚያደርገው እንደሚለያይ ለማሳየት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የሚገርመው ግን ጥናቱ ራሱም ችግር አለበት። ደብዳቤውን የመለሰው ሰው እንግዶቹን በር ላይ የተቀበለው ሰው ላይሆን ይችላል። ደግሞስ ነጭ ፕሮፌሰር አብሯቸው ባይኖር ቆጠራው ያው ይሆን ነበር?

የዘዴ ችግር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ስታቲስቲክስ ነው። እንደኔ እንደኔ ግን አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ከዚያ በፊት ነው፤ ምን እንለካ፣ ማንን እንጠይቅ፣ ከማን ጋር እናወዳድር ሲባል። ስታቲስቲክስ የተበላሸውን አሳምሮ ያቀርባል እንጂ አያድነውም።

መለኪያውን እንይ። ቁመት በሜትር ይለካል። ተነሳሽነት፣ በራስ መተማመን፣ የትምህርት ጥራት ግን ሜትር የላቸውም። ስለዚህ መጠይቅ ይዘጋጃል፤ ብዙ ጊዜ ሬንሲስ ሊከርት በ1932 ባስተዋወቀው መንገድ፣ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» በ5 ደረጃ። «መምህራችን በግልጽ ያስረዳል፤ የቤት ሥራም በጊዜው ያርማል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። በደንብ የሚያስረዳ ግን የማያርም መምህር ያለው ተማሪ የቱ ላይ ምልክት ያድርግ? መሃል ላይ አድርጎ ያልፋል። 3 ትመዘገባለች። ያቺ 3 ከሌሎች 3ዎች ጋር ተደምራ አማካይ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ ምን ማለት እንደነበረች የሚጠይቅ የለም። አንዳንዱ ደግሞ 40 ጥያቄ ሲያይ ይሰለቸዋል፤ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ»ን ያወርደዋል። ሌላው የሚያስመሰግነውን መልስ ይመርጣል። «ልጅህን ትመታለህ?» ተብሎ ፊት ለፊት ሲጠየቅ አዎ የሚል ስንት ሰው ነው?

እዚህ ላይ አስተማማኝነትና ተገቢነት የሚባሉት ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ሁሌ 2 ኪሎ ጨምሮ የሚያሳይ ሚዛን አስተማማኝ ነው፤ ዛሬም ነገም ያንኑ ይላል። ግን ተሳስቷል። «የክሮንባክ አልፋ 0.8 ስለሆነ መጠይቁ ጥሩ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ስንቴ አይተናል? አልፋ የሚናገረው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው። የሚለኩት ያ የተባለው ነገር ስለመሆኑ ምንም አይልም።

ናሙና ላይ የታወቀው ታሪክ የ1936ቱ የአሜሪካ ምርጫ ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ጠይቆ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ላንደን ያሸንፋል ብሎም ጻፈ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠቅልሎ ወሰደ። አድራሻዎቹ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የመጡ ነበሩ፤ መልስ ለመላክ የተነሳሳውም ካልላከው ይለያል። ትልቅ ናሙና የተዛባ ናሙናን አያቃናም። ዛሬም ያው ነው፤ ሊንክ ተለቅቆ የመለሰ ሁሉ «ናሙና» ይባላል። በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ስለ «ሰው ልጅ ባሕርይ» የተጻፈው ሥነ ልቦና በአብዛኛው የምዕራባውያን ባሕርይ ነው፤ ያውም በብዛት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች።

ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ልጆች አንድ መምህር፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ረባሽ ይጋራሉ። ስለዚህ ውጤታቸው ይመሳሰላል። 40 ልጆች ያሉባቸው 25 ክፍሎችን ያጠና ሰው «ናሙናዬ 1000 ነው» ይላል። በውጤት ላይ ካለው ልዩነት ከመቶ 20ው የሚመጣው ከክፍል ክፍል ነው እንበል። የተለመደው ስሌት እንዲህ ነው፦ ከክፍሉ 40 ልጆች አንድ ቀንሱ፤ 39ን በ0.2 አባዙት፣ 1 ጨምሩ፤ 8.8 ይሆናል። 1000 ለ8.8 ሲካፈል 114 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ እነዚያ 1000 ልጆች የሚሰጡት መረጃ በዕጣ ተበታትነው የተመረጡ 114 ልጆች የሚሰጡትን ያህል ነው። ይህን ዘልሎ 1000 ብሎ ያሰላ ሰው የሌለ ልዩነት «አገኘሁ» ቢል አይገርምም።

የምክንያትና ውጤት ነገር ሲመጣ ተዛምዶ ምክንያት አይደለም የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መደምደሚያው ላይ ግን ይረሳዋል። ትንሽ ረቀቅ ያለው ሌላ ወጥመድ ነው። ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ልጆች ተመርጠው ማጠናከሪያ ይሰጣቸዋል። በቀጣዩ ፈተና ይሻሻላሉ። ታዲያ ማጠናከሪያው ሠርቷል ማለት ነው? ባይሰጣቸውም ከፊሎቹ ይሻሻሉ ነበር፤ ያን ቀን አሟቸው ወይም ዕድል ጠሞባቸው የወደቁ አሉና። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጋልተን ይህን ወደ አማካይ የመመለስ ነገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወላጆችና በልጆች ቁመት አሳይቶታል። ማወዳደሪያ ቡድን ከሌለ ይህን መለየት አይቻልም።

መፍትሔው ዕጣ ነው ይባላል። በቴነሲ ግዛት ከ1985 እስከ 1989 ስታር በተባለው ሙከራ ከ11,000 በላይ ተማሪዎች በ79 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ተደለደሉ፤ ከ13 እስከ 17 ልጅ ያለው ክፍልና ከ22 እስከ 25 ልጅ ያለው ክፍል። ትንንሾቹ ክፍሎች የተሻለ ውጤት አመጡ። በትምህርት ጥናት እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ ብርቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ከክፍል ክፍል የተዘዋወሩና መሃል ላይ የለቀቁ ልጆች ነበሩበት። ከዚያ ካሊፎርኒያ በ1996 በመላ ግዛቱ ክፍሎችን አሳነሰች። ክፍል ሲበዛ መምህር ያስፈልጋል፤ በጥድፊያ የተቀጠሩት ብዙዎቹ ልምድም ሆነ ሙሉ ብቃት ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ሙከራው አልተሳሳተም። ግን ቴነሲ ላይ የመምህር እጥረት የሚያመጣ ስፋት አልነበረውም፤ ካሊፎርኒያ ላይ ነበረው።

ስለ ሆቶርን ተፅዕኖ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ይለወጣል የሚለው ሐሳብ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ ቺካጎ አጠገብ ከተደረገ የፋብሪካ ጥናት ነው። በ2011 ሌቪትና ሊስት የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከዚያ ጥናት የመብራቱን ሙከራ (ብርሃን ሲለዋወጥ የሠራተኞች ምርት ይለወጥ እንደሆነ የተፈተሸበትን) ዳታ ፈልገው አግኝተው ሲያሰሉት በታሪክ የሚወራውን ያህል ነገር አላገኙም። የዘዴ ትምህርቱ ምሳሌ ራሱ የዘዴ ችግር ነበረበት!

አሁን ወደ ስታቲስቲክሱ። 0.05 የምትባለው ወሰን አስማት የለባትም፤ ልዩነት ሳይኖር በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ ያለ ውጤት የመገኘቱ ዕድል ከመቶ ከ5 በታች ሲሆን ውጤቱ «ጉልህ» ይባላል። ምንም ልዩነት በሌለበት 20 ጊዜ ብትሞክሩ በአማካይ አንዱ «ጉልህ» ይሆናል። ሲሞንስ፣ ኔልሰንና ሲሞንሶን በ2011 ነገሩን በቀልድ መልክ አሳዩት። ተማሪዎችን ዘፈን አሰሟቸው፤ ከዚያ የአባቶቻቸውን ዕድሜ ስሌቱ ውስጥ አስገብተው፣ ሌሎች ምርጫዎቻቸውን ሳይናገሩ፣ ዘፈኑ ተማሪዎቹን አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ወጣት እንዳደረጋቸው «አረጋገጡ»። ዳታው እውነተኛ ነበር። በ2018 በታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ 29 ቡድኖች አንድ ዓይነት ዳታ ተሰጣቸው፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ የእግር ኳስ ዳኞች ጠቆር ላሉ ተጫዋቾች ቀይ ካርድ ያበዛሉ ወይ? 20 ቡድኖች ጉልህ ልዩነት አገኙ፣ 9 አላገኙም። ማንም አላጭበረበረም። አንድ ቡድን ብቻ ቢሠራው ኖሮ የምናነበው አንዱን መልስ ብቻ ነበር።

ጆርናሎች ደግሞ «አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ አይወዱም። መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ነው። በ2015 የወጣ ትልቅ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደገመ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 ከመቶው ጉልህ ውጤት ነበራቸው፤ ሲደገሙ 36 ከመቶ ብቻ። ትምህርት ውስጥ መድገም ራሱ የለም ማለት ይቻላል፤ በ2014 ማኬልና ፕላከር 100 የትምህርት ጆርናሎችን ፈትሸው ከጽሑፎቹ ድጋሚ ጥናት የሆኑት 0.13 ከመቶ መሆናቸውን ዘግበዋል።

ቃለ መጠይቅና ምልከታ የሚሠሩ ሰዎች ይህ ሁሉ አይመለከተንም የሚሉበት ጊዜ አለ። ይመለከታቸዋል። 12 ሰው አነጋግሮ ከ3ቱ ብቻ ጥቅስ የሚመርጥ ተመራማሪም ያው ምርጫ እያደረገ ነው፤ ልዩነቱ ቁጥር የሌለው መሆኑ ነው።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ ቀላል ነው። ዳታ ሳይሰበሰብ ዕቅዱ ለጆርናል ይቀርባል፤ ጆርናሉም ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አትማለሁ ብሎ ይቀበላል። በ2021 የሥነ ልቦና ጽሑፎች ሲወዳደሩ፣ በተለመደው መንገድ ከታተሙት 96 ከመቶዎቹ ዋና መላምታቸው ተደግፏል። በዚህ መንገድ ከታተሙት ግን 44 ከመቶዎቹ ብቻ።