የዕውቀት ውክልና ምንድን ነው?

«ሳጥኑ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ነው» ብትሉኝ ሄጄ አመጣዋለሁ። ማሽን ግን ይህችን አጭር ወሬ መጀመሪያ ሊያሰላስልባት በሚችል መልክ መያዝ አለበት። የዕውቀት ውክልና የሚባለው ይኸው ነው፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ስለ አካባቢው የሚያውቀውን የሚጽፍበት ዘዴ። ኤጀንት ስል አይቶ፣ አስቦ፣ በራሱ እርምጃ የሚወስድ ፕሮግራም ወይም ሮቦት ማለቴ ነው።

ሳጥን ያነሳሁት በሼኪ ምክንያት ነው። ሼኪ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1972 ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት የተሠራ ባለ ጎማ ሮቦት ነው። ስሙን ያገኘው ሲሄድ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው። በሼኪ ማስታወሻ ላይ የሚሰፍረው ለሥራው የሚጠቅመው ነገር ነው፦ ሳጥኑ የት እንዳለ፣ የትኛው በር የትኞቹን ክፍሎች እንደሚያገናኝ።

መጻፉስ ባልከፋ። ጣጣው የሚመጣው ሮቦቱ አንድ ነገር ሲያደርግ ነው። ሳጥኑን ወደ ሌላ ክፍል ገፋው እንበል። ምን ተለወጠ? የሳጥኑ ቦታ። ግድግዳውስ? ሌላኛው ሳጥንስ? እኛ «ምን ነካህ፣ ግድግዳ ይሄዳል እንዴ!» እንላለን። ማሽን ግን ካልተነገረው አያውቅም። ያልተለወጠውን ሁሉ አንድ በአንድ እንንገረው ካልን ደግሞ ማለቂያ የለውም። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎቹ ጆን ማካርቲና ፓትሪክ ሄይስ ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ1969 አንስተውታል።

ሪቻርድ ፋይክስና ኒልስ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት ስትሪፕስ የተባለ የዕቅድ ፕሮግራም ደስ የሚል መላ ዘየደ። እያንዳንዱ ድርጊት ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል፦ አስቀድሞ መሟላት ያለበት፣ ማስታወሻው ላይ የሚጨመር፣ ከማስታወሻው የሚሰረዝ። ያልተነካው እንዳለ ይቀጥላል። በቃ። መሰረዙን እንዳትንቁት፤ እሱ ከተረሳ አንዱ ሳጥን ሁለት ክፍል ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ሌላ ሰው መጥቶ ሳጥኑን ቢወስደውስ? ማስታወሻው ዋሸ ማለት ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ተመራማሪው ሮድኒ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተከራከረው በዚህ ነው፦ ዓለሙ ፊት ለፊት እያለ ቅጂውን ማሽን ውስጥ መገንባት ለምን አስፈለገ? ዞር ብሎ ማየት ነው። እንደ በረሮ ያሉ ነፍሳትን የሚመስሉ ሮቦቶቹም በዚህ መንገድ ተራምደዋል። ለእኔ ግን ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ከተዘጋ በር ጀርባ ያለ ሳጥን ዞር ተብሎ አይታይም።

ዛሬ በቋንቋ ሞዴል (ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ራሱም በሚጽፍ ፕሮግራም) የሚሠሩ ብዙ ኤጀንቶች ማስታወሻቸውን በተራ ጽሑፍ ይይዛሉ። መጨመር ላይ ጎበዞች ናቸው። ያረጀውን ማን እንደሚሰርዝ ግን ሁሌ ግልጽ አይደለም፤ ያ ሁለት ክፍል ውስጥ የሚገኘው ሳጥን እዚህም አለ።