«ሳይደፈርስ አይጠራም»፦ አባባሉና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»

የዳኛቸው ወርቁ ስም ሲነሣ ብዙ አንባቢ ፈጥኖ የሚያስታውሰው ደራሲው ራሱ የፈጠረውን ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበረውን የአገር አባባል ነው፤ «ሳይደፈርስ አይጠራም»። በ1928 ዓ.ም. ደብረ ሲና የተወለደው ይህ ደራሲ በ1962 ዓ.ም. ላሳተመው ልቦለድ «አደፍርስ» የሚል ርእስ ሲሰጥ፣ የቀረውን አንባቢው ራሱ እንዲሞላው የተወለት ይመስላል።

የአባባሉ ትርጉም ግልጽ ነው፤ የተደበቀ ነገር ተነካክቶ ካልወጣ እውነቱ አይለይም ማለት ነው። በሰሜን ሸዋ ገጠር በተለይ በሽምግልና ላይ ይሰማል። ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው የሚፈልጉት እርቁን ሳይሆን በየሆዳቸው የቋጠሩትን ነው። አንደኛው የቆየ ቂም አንሥቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግና ዘመድ ደንግጦ «ኧረ ተዉ፣ ነገር አታባብሱ» ሲል፣ መካከል የተቀመጡት አባት «ተወው ይናገር፤ ሳይደፈርስ አይጠራም» ብለው ይመልሱታል። እዚህ ላይ አባባሉ ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን ዳኛ ባለበት የተሰጠ፣ ገደብም ያለው ፈቃድ ነው። ተናጋሪው ዱላ ቢያነሣ እነዚያው አባት ቀድመው ይነሡበታል።

መነሻው ውሃ ለመሆኑ ማስረጃ አያሻም፤ የትኛው ውሃ እንደ ሆነ ግን ሊጤን ይገባዋል። ከጠላ ጋር ማያያዝ ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን አይመስለኝም፤ ጠላ የሚጠራው ጋኑ ሳይነካ ሲቀመጥ ነውና። የነቀነቀው ሰው ትርፉ አተላ ነው፤ ቢያሳድረውም ያው አተላ ተመልሶ እዚያው ጋን ውስጥ ይዘቅጣል። ለአባባሉ በእውነት የሚስማማው የምንጭ ጠረጋ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የመንደሩ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ይወርድና ጎርፍ ያስገባውን ደለል፣ የበሰበሰውን ቅጠልና ከብት የረገጠውን ጭቃ ከምንጩ ዓይን ላይ ይዝቃል። ውሃው ለጊዜው ጭቃ ብቻ ሆኖ ይወርዳል፤ እንስራና ጀሪካን ይዘው የመጡት ዳር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ቸኩሎ የሚቀዳ ካለም ይገሠጻል። ከሥር የሚመነጨው አዲስ ውሃ የተረፈውን ጠርጎ ካወረደ በኋላ ነው ጠጠሩ መታየት የሚጀምረው። ስለዚህ ማደፍረስ ብቻውን አያጠራም፤ ዝቃጩ ተዝቆ መውጣት፣ የሚመነጭ ውሃም መኖር አለበት።

ዳኛቸው ይህን አባባሉ ሳይናገር የሚያልፈውን ቅድመ ሁኔታ በሚገባ የተረዳ ይመስለኛል። አደፍርስ የሚለው ስም እንደ በለው፣ እንደ ግዛውና እንደ ደምስሰው ሁሉ ለልጅ የሚወጣ የትእዛዝ ስም ነው፤ አባት ልጁ የጠላቱን ሰፈር እንዲያምስለት የሚመኝበት የጀግና ስም ነው። ደራሲው ግን ስሙን የሰጠው ጠመንጃ ለያዘ ሰው ሳይሆን፣ ከዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ፣ ከደብረ ሲና ማዶ ወደምትገኘው አርማንያ ለመጣ ክርክር ወዳድ ወጣት ነው። መሣሪያው ምላሱ ነው። ከባለ ርስቷ ከወይዘሮ አሰጋሽ ዙሪያ ካሉት ሰዎች ጋር ስለ እምነትና ስለ ልማድ ይሟገታል፤ የረጋውን ሁሉ ይነካካል። ይሁን እንጂ የሚዝቅ የለም። ሰሚው ይስቃል፣ ይቆጣል ወይም ያደንቃል እንጂ አብሮት ወርዶ የሚቆፍር አያገኝም፤ በመጨረሻም በተማሪዎች ግርግር መካከል ሕይወቱ ያልፋል።

መጽሐፉ በወጣ በ4 ዓመቱ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ ልቦለዱን እንደ ትንቢት ማንበብ ለብዙዎች ቀላል ሆኗል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትንቢት ቢሆን ኖሮ እስከ «ይጠራል» ድረስ በሄደ ነበር፤ ደራሲው ግን የአባባሉን የፊተኛውን ግማሽ ብቻ፣ እሱንም ትእዛዝ አድርጎ፣ ርእስ ላይ አስቀምጦ የኋለኛውን ተወው። ዛሬ ሁከት በተነሣ ቁጥር አባባሉን ለማጽናኛ፣ አንዳንዴም ለማመካኛ የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ልብ አይሉም።

ከመጽሐፉ አንዲት ጥቅስ ነጥቆ መያዝ የሚያስቸግረውም በአጻጻፉ ምክንያት ነው። አብዛኛው ክፍል ንግግር ነው፤ ባላገሩ፣ ካህኑ፣ እመቤቲቱና ተማሪው በየራሳቸው አነጋገር ይናገራሉ፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ ተራኪውም መካከል ገብቶ ማን እንደ ረታ አይፈርድልንም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው ሰው ይህ ሊከብደው ይችላል። ያን ጊዜ የአካባቢውን አነጋገር የሚያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብለት ብዙው ይቀልለታል፤ የሸዋ ባላገር ሽሙጥ በዓይን ብቻ ሲነበብ ያመልጣልና።