«ግንቡ አጥሮ ነው» አትበሉኝ፦ ስለ ወንዞቻችን ዳርቻ የሚባለውና እውነታው

«ግንቡ አጥሮ ነው እንጂ ወንዙ ባልበላን ነበር።» ይህን ስንቴ እንደሰማሁት መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ። ክረምት በገባ ቁጥር እዚሁ አዲስ አበባ ከቀበናም፣ ከግንፍሌም፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥርም ይደወልልኛል። ስሄድ ሁሉም የሚያሳየኝ የግንቡን አናት ነው። እግሩን ያሳየኝ ሰው የለም። ወደዚህኛው እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ትንንሾቹን ላጽዳ።

«በጋ ላይ እግር የማያርስ ወንዝ ምን ያደርጋል?» ወንዝ በጥር አይለካም፣ በነሐሴ ነው። ከእንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነስቶ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ወደ አቃቂ የሚወርድ ውሃ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

«ጠመዝማዛውን ቀጥ ብናደርገው ጎርፉ ቶሎ ይሄድልናል።» ይሄድላችኋል፣ በታች ጎረቤት ላይ። መንገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይጨምራል፣ ውሃውም ወለሉን መቆፈር ይጀምራል። ቁፋሮው ደግሞ እዚያው አይቆምም፤ እየተናደ ወደ ላይ፣ ወደ እናንተው ይመጣል።

«የቁፋሮ አፈርና ፍርስራሽ ስንደፋበት ዳርቻው ይጠነክራል።» ያልተጠቀጠቀ አፈር ጭነት ነው እንጂ ጥንካሬ አይደለም። መተላለፊያውንም ስለሚያጠበው ውሃው ማዶውን ይገፋል፣ የማዶው ባለቤትም በተራው ሲኖትራክ ይጠራል። ሁለት ጎረቤት በአፈር ሲታኮሱ ወንዙ መሃላቸው ወደ ታች እየቆፈረ ነው።

«ባህር ዛፍ ተክለናል፣ ይይዘዋል።» ዳርቻው 4 ሜትር ገደል ሆኖ ሥሩ ከአንድ ሜትር ብዙም ካልወረደ፣ ዛፉ አፋፍ ላይ የቆመ ሸክም ነው፤ በነፋስ እየተወዛወዘም ይነቀንቀዋል። ተዳፋቱ ከተስተካከለ በኋላ ቬቲቨር፣ ዝሆኔ ሳር ወይም ቀርከሃ ቢሆን ይሻላል።

«ዝናቡ አባርቷል፣ ተርፈናል።» ይህኛው ያስፈራኛል። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ውሃው ዳርቻውን ከጎን ይደግፈዋል። ድንገት ሲጎድል ድጋፉ ይሄዳል፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ግን ይቆያል። በውሃ የጠገበ አፈር በኩብ ሜትር ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ብዙ ዳርቻ የሚናደው ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሰው ልብስ ሲያሰጣ ነው። የአንድ ደንበኛዬ ኩሽና የሄደው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው፤ ደግነቱ ምድጃው ገና አልተለኮሰም ነበር፣ ውስጡም ሰው አልነበረም። ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ መሬቱ ላይ ካያችሁ አትለጥፉት፤ ከስንጥቁ ወደ ወንዙ በኩል አትቁሙ፣ ልጆችንም አርቁ።

አሁን ወደ ግንቡ።

ቀበና አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ አባት አሉ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ግንብ አሠሩ። ከመሬት በላይ 3 ሜትር፣ የሚያምር የጥርብ ድንጋይ ሥራ፤ መሠረቱ ግን ግማሽ ሜትር። ተቋራጩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በሁለተኛው ክረምት ማግስት ስሄድ እጄን በመሠረቱ ሥር ማስገባት ቻልኩ። ግንቡ አየር ላይ ነበር።

«አባባ፣ ግንቡ ምንም አልሆነ፤ መሬቱ ነው ሥሩን ለቆ የሄደው» አልኳቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ ከላይ አንድ ሜትር ብንጨምርበትስ?»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚል ሕዝብ እንዴት ግንብን ከአናቱ ይጀምራል?

ወለሉ ለምን ወረደ? አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤሞሪ ሌን እ.ኤ.አ. በ1955 ነገሩን በሚዛን አስረድቶታል። በአንዱ ሳህን የውሃው መጠንና ቁልቁለቱ፣ በሌላው የሚሸከመው ደለል ብዛትና ትልቅነት። አንዱ ሳህን ከከበደ ወንዙ ወለሉን በመቆፈር ወይም ደለል በመጣል ሚዛኑን ያስተካክላል። የእኛ ከተማ የውሃውን ሳህን አክብዶታል። በ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 3,000 ሊትር ነው፤ ድሮ ጓሮ ውስጥ ይሰርግ የነበረው አሁን በአስፋልትና በቱቦ ደቂቃ ሳይፈጅ ወንዝ ይገባል። ጉልበት ያለው ውሃ ሸክም ካላገኘ፣ ትከሻው ባዶ እንደሆነ የመርካቶ ተሸካሚ ሸክም ፍለጋ ይዞራል። የሚያገኘው ደግሞ የራሱን ወለል ነው። የተወሰደው አፈር የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ አባ ሳሙኤልን ይጎብኝ፤ የአቃቂ ደለል ያ ግድብ ለዐሥርት ዓመታት ኃይል ማመንጨት ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

ወለሉ ሲወርድ ዳርቻው ከአቅሙ በላይ ይረዝማል፣ ይናዳል፣ ወንዙ ይሰፋል፤ ወለሉ የሚረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ገና በመውረድ ላይ ባለ ወንዝ ዳር ጥልቀት የሌለው ግንብ መሥራት ገንዘብን ወንዝ መጣል ነው።

ስለዚህ ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ወርዳችሁ እዩ። የድልድዩ እግር መሠረት ወጥቶ ይታያል? ወንዙን የሚያቋርጠው የፍሳሽ ቱቦ፣ ድሮ ተቀብሮ የነበረው፣ አሁን ተንጠልጥሏል? እንዲያ ከሆነ ወለሉ ወርዷል። ከዚያ ለኩ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፌሮ ብረት ከዳርቻው እግር ላይ አግድም ምቱና 10 ሴንቲ ሜትሩን ውጭ አስቀሩ። ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጎድል ምን ያህል እንደወጣ ለኩ፤ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆማችሁም በየዓመቱ ፎቶ አንሱ።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ ወለሉ ይያዛል፦ ወንዙን የሚያቋርጥ፣ ሁለቱ ጫፉ ዳርቻው ውስጥ የገባ ዝቅተኛ የድንጋይ ክትር። ቀጥሎ እግሩ፦ ማዕዘን ያለው ትልቅ ድንጋይ (ድቡልቡሉ ይንከባለላል)፣ ከሥሩ አፈሩ እንዳይሾልክ ጠጠር። ግንቡ የመጨረሻ ነው፤ መሠረቱ ውሃው ከሚቆፍረው በታች ይውረድ፣ ከጀርባው ጠጠር፣ ፊቱ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ግንብ የውሃ ግድብ ነው፤ ለግድብነት ግን አልተሠራም። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ከግንብ ይልቅ መታጠፍ ይችላል፣ ሽቦው ግን በእኛ ወንዝ ፍሳሽ ይዝጋል።

የአባባን ግንብ አላስረዘምንም። ከሥሩ ድንጋይ ሞላን፣ ከታች ሁለት ክትር ሠራን፣ የጣሪያውንም ውሃ ወደ ሮቶ መለስን። ፌሮዎቹን ለእሳቸው ተውኩላቸው። ባለፈው ጥቅምት ደወሉ፦

«ልጄ፣ ሦስቱ እንደነበሩ ናቸው። የላይኛው ግን 14 ሴንቲ ወጥቷል። ትመጣለህ ወይስ እኔ ልጠብቀው?»

በማግስቱ ሄድኩ።