“ፈርመዋል፣ ይክፈሉ”፦ ስለ ኪራይ መኪና የጉዳት ክፍያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ዓይነት መልእክት ሁሌ ይደርሰኛል። “መኪናውን በሰላም መልሼ፣ ቁልፉን አስረክቤ ቤቴ ገብቻለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ‘በሩ ላይ ጭረት ተገኝቷል፣ ይህን ያህል ከካርድዎ ቆርጠናል’ የሚል ኢሜይል መጣ።” እስከዚህ ድረስ አልናደድም፤ ያጋጥማል። የሚያናድደኝ ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ “ውሉ ላይ ፈርሜያለሁ፣ ሂሳቡንም ልከውልኛል፤ እንግዲህ ከመክፈል በቀር ምን አደርጋለሁ?” ብዙ ነገር ታደርጋላችሁ። በአንድ አከራይ ድርጅት የጉዳት ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እነዚያን ኢሜይሎች ከሚልኩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ዝም ብሎ የሚከፍለውንና ሂሳቡ የሚሰረዝለትን ተከራይ የሚለየው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወረቀት መጠየቅ ማወቁም ነው።

“ውሉ ላይ ፈርሜያለሁ፣ አለቀ”

አላለቀም። የፈረማችሁት “መኪናው በእጄ እያለ ለሚደርስ ጉዳት በውሉ መሠረት ኃላፊ ነኝ” በሚለው ላይ ነው። “ይህ ጭረት በእኔ እጅ እያለ ደርሷል” ብላችሁ አልፈረማችሁም፤ “ዋጋውም የጻፋችሁት ነው” ብላችሁም አልፈረማችሁም። ካርዳችሁን እንዲያስከፍሉ የሚፈቅደው አንቀጽም ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚሰበሰብ ይናገራል እንጂ ዕዳ መኖሩን አያረጋግጥም። የካርድ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ለአከራዩ ካርዱን እንደፈለገ አልለቀቁለትም። ለምሳሌ የቪዛ ደንብ አከራዩ ለጉዳት ከማስከፈሉ በፊት የጉዳቱን ዝርዝርና ዋጋ ለካርዱ ባለቤት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ የካርዱ ባለቤትም ከሌላ ጋራዥ የዋጋ ግምት የማቅረብ ዕድል አለው። መጀመሪያ ቆርጦ በኋላ የሚያሳውቅ ድርጅት እዚህ ላይ ይሰናከላል።

“ፎቶ አንስቻለሁ፣ ማን ይነካኛል?”

የተነሱትን ፎቶዎች አይቻቸዋለሁ። ግማሾቹ ጨለማ ፓርኪንግ ውስጥ ከሩቅ የተነሱ ናቸው፤ ሌሎቹ ዝናብ የመታው መኪና ነው፤ ውሃ ደግሞ ቀጭን ጭረትን ይደብቃል። የስፖኪዮው ጥግ፣ የባምፐሩ ሥር፣ ቸርኬዎቹ፣ ጣሪያው፣ የፊት መስታወቱ አይታዩም፤ ክርክር የሚነሳው ደግሞ በእነሱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ሰው የሚያነሳው ሲረከብ ነው፤ ሲመልስ ማንም አያነሳም፤ አውሮፕላን ሊያመልጠው ነዋ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሲረከቡም ሲመልሱም በዝግታ ዙሪያውን የሚዞር አንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ውሰዱ። ታርጋው፣ የኪሎሜትር ቆጣሪውና የነዳጅ ጌጁ ይግቡበት። መኪናው የቆመበት ቦታ መለያ ካለው እሱም ይታይ። ዋናውን ፋይል ስልካችሁ ላይ አቆዩት። በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የተነሳበት ሰዓትና ቦታም ይጠፋል፤ ለክርክር የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ እሱ ነው።

“ሂሳቡን ልከውልኛል፣ ስለዚህ ያወጡት ገንዘብ ነው”

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ሰው ያለ ክርክር ገንዘቡን የሚያስረክበው በዚህ እምነት ነው።

የሚላክላችሁ ወረቀት አርማ አለው፣ የፋይል ቁጥር አለው፣ ከሥሩ ደማቅ ድምር አለው። ሲታይ ደረሰኝ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጋራዥ ሠርቶ ያስከፈለው ሂሳብ ሳይሆን ግምት ነው። የጉዳት ክፍሉ ሠራተኛ የመኪናውን ሞዴልና የተጎዳውን ክፍል ይመርጣል፤ ፕሮግራሙ የሥራ ሰዓት፣ ቀለምና ዕቃ ደምሮ አንድ ቁጥር ያወጣል። ቋሚ የዋጋ ሠንጠረዥ ያላቸውም አሉ፦ የበር ጭረት ይህን ያህል፣ ቸርኬ ይህን ያህል። መኪናው ግን ጭረቱን እንደያዘ በማግስቱ ለሌላ ሰው ሊከራይ ይችላል። በግምት መጠየቅ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው አላልኩም፤ በብዙ አገር ንብረቱ የተጎዳበት ሰው ሳያስጠግንም ካሳ መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን ግምት የተባለ ነገር ሁሉ ሊከራከሩበት ይቻላል፤ እናንተ ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተቀብላችሁ ትከፍላላችሁ።

እስቲ መስመር በመስመር እንየው። የመጀመሪያው የጥገናው ሥራ ነው። በፖሊሽ የሚጠፋ ጭረት “ሙሉ የባምፐር ቀለም” ወይም “ባምፐር መቀየር” ተብሎ ከተጻፈ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ሌላ ጋራዥ ወስዳችሁ በፎቶው ላይ የራሱን ግምት በጽሑፍ አስወጡ።

ከዚያ ዕቃ ይመጣል፤ ጎማን እንውሰድ። አዲስ የመንገደኛ መኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ በአውሮፓ ሕግ ከ1.6 ሚሊሜትር በታች ሆኖ መንዳት አይቻልም። ስለዚህ ለአገልግሎት የሚውለው 6.4 ሚሊሜትር ነው። እናንተ ያበላሻችሁት ጎማ 4.8 ሚሊሜትር ላይ ከነበረ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል፤ የአዲስ ጎማ ሙሉ ዋጋ ከከፈላችሁ ለድርጅቱ ግማሽ ጎማ በስጦታ ሰጣችሁት ማለት ነው። ጥርሱ ስንት እንደነበር ጠይቁ። መዝግበው የሚያቆዩት ጥቂቶች ናቸው።

ቀጥሎ “መኪናው ከሥራ ውጪ በመሆኑ የቀረ ገቢ” የሚል መስመር ታያላችሁ። እኔን የሚያስቀኝ እሱ ነው። የሦስት ሰዓት ሥራ ለሚጠይቅ ጭረት የአምስት ቀን ኪራይ ይጻፋል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ መኪናው ጋራዥ የገባው መቼ ነው፣ የወጣውስ? በእነዚያ ቀናት ሌሎቹ መኪኖች በሙሉ ተከራይተው ነበር ወይ? ግቢው ውስጥ የቆሙ ተመሳሳይ መኪኖች ካሉ መኪና አጥቶ የተመለሰ ደንበኛ የለም፣ ገቢም አልቀረም። ይህን የሚያሳየውን የኪራይ መዝገብ አከራዮች ማውጣት አይወዱም፤ አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ኢንሹራንሶች ግን ይህን መስመር ከመክፈላቸው በፊት መዝገቡን አምጡ ማለት ልማዳቸው ነው። እርግጥ በአንዳንድ ቦታ ፍርድ ቤቶች ያለ መዝገቡም ይህን ክፍያ የተቀበሉበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ጠይቁ፤ ጠይቃችሁ አትከስሩም።

“የአስተዳደር ወጪ” የሚለው ኢሜይሉን ለላከላችሁ ሰው ድካም ነው፤ በእኔ ዘመን ለእኔ ማለት ነው። ውሉ ውስጥ መጠኑ ተጽፎ እንደሆነ አረጋግጡ። ተከራይ አንገራገረ ሲባል እኛ መጀመሪያ የምንሰርዘው እሱን ነበር።

ከሁሉም በፊት ግን፦ ጉዳቱ የእናንተ ነው ወይ? ከድርጅቱ ከወጣሁ በኋላ አንድ ወዳጄ የኋላ ባምፐር ሂሳብ ይዞ መጣ። ዋናዎቹን ፎቶዎች ላኩልን ብለን ጻፍን። ከላኳቸው አንዱ ዳሽቦርዱን ያሳያል። ወዳጄ ሲመልስ የተመዘገበው 41,212 ኪሎሜትር ነበር፤ ፎቶው ላይ ያለው 41,380። መኪናው ከእጁ ከወጣ በኋላ 168 ኪሎሜትር ሄዶ ነው ጭረቱ “የተገኘው”። ያንን ጽፈን በላክን ማግስት “ፋይሉ ተዘግቷል” የሚል የአንድ መስመር መልስ ደረሰው። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም፤ እኛም አንጽፍም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ እንዲህ ይሁን፦ “ጉዳቱ መኪናው በእጄ እያለ ደረሰ የሚለውን አልቀበልም፤ ክፍያውንም እቃወማለሁ። የሚከተሉትን ይላኩልኝ፦ ስረከብም ስመልስም የተሞላው የርክክብ ቅጽ፤ መኪናውን ስመልስ የመረመረው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት፤ ሰዓትና ቀን ያለባቸው ዋና ፎቶዎች፤ ከእኔ በኋላ መኪናው መቼ እንደወጣ፤ የጋራዡ ደረሰኝ ወይም ግምት መኪናው ከገባበትና ከወጣበት ቀን ጋር፤ በዚሁ የመኪናው ክፍል ላይ ቀደም ሲል የተመዘገበ ጉዳትና ለሌላ ተከራይ የተላከ ሂሳብ ካለ እሱም።” የመጨረሻዋን አትርሷት። ያልተጠገነ ጭረት ሁለት ሰው ሊያስከፍል ይችላል።

ደብዳቤው ላይ ሌላ ወሬ አትጨምሩ። ቅን ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ “ምናልባት ገበያ ስገባ ፓርኪንግ ላይ ሌላ መኪና ነክቶት ይሆናል።” እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣልን ፋይሉ እንዳለቀ እናውቅ ነበር። ተከራዩ ጉዳቱ በእሱ ጊዜ መድረሱን በራሱ አንደበት ነገረን ማለት ነው፤ በአብዛኛው ውል ደግሞ ማን ነካው የሚለው ለውጥ የለውም። የማታውቁትን አትገምቱ። የምታውቁትን ግን አትካዱ፤ ግድግዳ ላይ ጭራችሁት ከሆነ ክርክራችሁ ዋጋው ላይ ይሁን።

“ሙሉ ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ”

ጠረጴዛው ላይ የሚሸጥላችሁ፣ ሲዲደብሊው የሚባለው፣ በትክክል ካየነው ኢንሹራንስ አይደለም። ድርጅቱ “የመጠየቅ መብቴን በዚህ ልክ ትቻለሁ” የሚልበት ስምምነት ነው። ልኩን የሚወስኑት ደግሞ በትንሽ ፊደል የተጻፉት መስመሮች ናቸው። ጎማ፣ መስታወት፣ የመኪናው ሆድና ጣሪያ ብዙ ጊዜ ከውጪ ይቀራሉ። የተሳሳተ ነዳጅ መሙላት፣ ቁልፍ መጥፋት፣ ስሙ ውሉ ላይ ለሌለ ሰው መሪ መስጠትም እንዲሁ። ከራሳችሁ ኪስ የምትሸፍኑት ድርሻ ካለ፣ ጥገናው ከዚያ ካነሰ አከራዮቹ ካርዳችሁ ላይ ያስያዙትን መያዣ በሙሉ መውሰድ አይችሉም፤ ልዩነቱን ይመልሱ።

ከሌላ ኩባንያ ይህን ድርሻ የሚሸፍን ፖሊሲ የገዛ ሰው ደግሞ አከራዩ አይነካኝም ብሎ ይተኛል። አሠራሩ እንዲህ አይደለም፤ ለአከራዩ መጀመሪያ እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ኢንሹራንሱ በኋላ ሰነድ አይቶ ለእናንተ ይተካል። የሚጠይቃችሁም ከላይ የዘረዘርኳቸውን ወረቀቶች ነው።

“ሠራተኛው ‘ችግር የለም’ ብሎኛል”

በቃል ከሆነ አልተባለም። ቅጹ ላይ “አዲስ ጉዳት የለም” ብሎ ይፈርም።

“ሌሊት ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ከጣልኩ ኃላፊነቴ አበቃ”

በብዙ ውል አያበቃም። ጠዋት ሠራተኛ መጥቶ እስኪረከብ ድረስ መኪናው የእናንተ ነው። ከቻላችሁ በሥራ ሰዓት መልሱ።

“ትንሽ ጭረት አይቆጠርም”

አንዳንዱ ድርጅት የጭረት መለኪያ ካርድ አለው፤ ካርዱ ላይ ካለው ክብ ያነሰ ጭረት ይታለፋል። ሌላው ሁሉንም ይቆጥራል። ስትረከቡ “የማይቆጠረው እስከ ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ፣ “ይቺ ምንም አይደለች” የተባለችውንም ጭረት ቅጹ ላይ አስጽፉ።

“ባንኬ ይመልስልኛል”

ሊመልስ ይችላል፤ ግን ባንክ የሚፈርደው ክፍያው በካርዱ ደንብ መሠረት ተፈጽሟል ወይ በሚለው ላይ ነው። መኪናውን ማን ጫረው የሚለው የእሱ ጉዳይ አይደለም። ገንዘቡ ቢመለስላችሁም አከራዩ ዕዳ አለባችሁ ብሎ ለዕዳ ሰብሳቢ ሊያስተላልፍ ወይም ሊከስ ይችላል፤ ከእንግዲህ አናከራይም የሚል ዝርዝርም አላቸው። ባንክ ጋ ስትሄዱ “አላውቀውም” አትበሉ፤ ድርጅቱን ታውቁታላችሁና ውሸት ይሆናል። “ያልተስማማሁበት የጉዳት ክፍያ ነው፤ ማስረጃ ጠይቄ አልተላከልኝም” በሉ፣ ደብዳቤያችሁን አያይዙ።

ጊዜውንም ጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የክሬዲት ሂሳብ ሕግ ክፍያው ያለበት የሂሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል፣ ቅሬታውም በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል። ይህ ሕግ ለክሬዲት ካርድ ነው፤ በዴቢት ካርድ የከፈለ ሰው ገንዘቡ ከሒሳቡ ስለወጣ የሚከራከረው ባዶ ኪሱን ይዞ ነው። በአውሮፓ ከራሱ አገር ውጪ ሌላ የአውሮፓ አገር ውስጥ የተከራየ ሰው አከራዩ የኢንዱስትሪው አስታራቂ አካል አባል እንደሆነ ይጠይቅ፤ ለተከራዩ በነፃ ነው። መጀመሪያ ግን ለድርጅቱ ራሱ መጻፋችሁን ማሳየት አለባችሁ።

“መልስ ካልሰጠሁ ይረሱታል”

አይረሱትም፤ ሲስተሙ አይረሳም። መልስ ያልመጣበት ፋይል በተወሰነ ቀን ራሱ ወደ ክፍያ ያልፋል፤ ካርዱ ካልሠራ ወደ ሰብሳቢ። የተቃውሞ ደብዳቤ የመጣበት ፋይል ግን ከዚያ ሰልፍ ይወጣና ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ያ ሰው ደግሞ የርክክብ ቅጹን ሊፈልግ ይነሳል፣ አንዳንዴም አያገኘውም።