ሴስና 172ን በግል መያዝ፦ ጥገናውና መሣሪያዎቹ

ሴስና 172 አራት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ ከጣሪያው በላይ የተዘረጋ፣ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተመርቷል፤ በብዛት የሚስተካከለው አውሮፕላን የለም። ፋብሪካው በ1986 ምርቱን አቋርጦ በ1996 ቀጥሏል። በአሜሪካ በግለሰቦች እጅ ካሉት ብዙዎቹ ከዚያ መቋረጥ በፊት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ባለቤትነት ማለት በአመዛኙ ያረጀ አውሮፕላን መንከባከብ ነው።

የአሜሪካ ሕግ አውሮፕላኑን ለበረራ ብቁ አድርጎ የማቆየቱን ቀዳሚ ኃላፊነት የጣለው በመካኒኩ ላይ ሳይሆን በባለቤቱ ወይም በሚያንቀሳቅሰው ላይ ነው። በየ12 ወሩ የፍተሻ ሥልጣን ያለው መካኒክ አውሮፕላኑን ከአፍንጫ እስከ ጭራ መርምሮ መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት። ሽፋኖች ይፈታሉ፣ የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለካል፣ የመሪ ኬብሎች ይታያሉ። በዚህ አውሮፕላን ላይ በተለይ ሊታለፍ የማይገባው የመቀመጫው ሐዲድ ነው። የሐዲዱ ቀዳዳዎች ተበልተው መቀመጫውን የሚቆልፈው ፒን በወጉ ካልገባ፣ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሲነሳ የአብራሪው መቀመጫ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አብራሪው መሪውን እንደያዘ ሲሄድ አፍንጫው ይብስ ቀና ይላል። በዚህ ምክንያት ሰዎች ስለሞቱ ሐዲዱ በየጊዜው እንዲለካ አስገዳጅ መመሪያ ወጥቷል።

የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት ራሱ የሚሠራቸው ሥራዎችም አሉ፤ ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ጎማና ባትሪ መለወጥ። የሠራውን፣ ቀኑንና የፈቃድ ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል። ፊልትሮ ያለው ሞተር ዘይቱ በየ50 ሰዓቱ ይቀየራል፤ ብዙ ካልበረረ ደግሞ ሰዓቱ ሳይሞላ በየአራት ወሩ። አሮጌው ፊልትሮ ሳይመረመር መጣል የለበትም። ቆርቆሮው ተቆርጦ ወረቀቱ እጥፋት በእጥፋት ተዘርግቶ ብርሃን ላይ ይታያል። ማግኔት የሚስበው ብናኝ ከተገኘ ከብረት አካላት፣ ምናልባትም ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ ከካምሻፍቱ፣ እየተፋቀ ነው። ማግኔት የማይስበው ብልጭታ ከፒስተን ወይም ከብሮንዚና ሊሆን ይችላል።

ካምሻፍቱ የሚያሳስበው ያለምክንያት አይደለም። በብዙዎቹ 172ዎች ላይ ባለው የላይካሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ ከላይ ስለተቀመጠ፣ አውሮፕላኑ ለሳምንታት ሲቆም ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ይወርድና ዝገት ይጀምረዋል። አምራቹ ለብዙዎቹ ሞተሮች በ2,000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት ሙሉ እድሳት ይመክራል፤ ዘወትር የሚበር ሞተር እስከዚያ በደህና ሊደርስ ሲችል ቆሞ የሚከርመው ግን ሰዓቱ ሳይሞላ ይበላሻል። መሬት ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋትም መፍትሔ አይሆንም፤ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚጠፋ እርጥበቱ ውስጡ ይቀራል።

ወደ መሣሪያ ስንመጣ ብዙ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚያምራቸው ባለቀለም ስክሪን ነው። ሆኖም ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት ሕይወት በሚያተርፈው ላይ ነው። አሮጌዎቹ ላይ የትከሻ ቀበቶ ላይኖር ይችላል፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። የካቢኑ ማሞቂያ የሚያሞቀው አየር የሚያልፈው በጭስ ማውጫው ማርሚታ ዙሪያ ነው፤ ማርሚታው ከተሰነጠቀ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካቢኑ ይገባል፤ ስለዚህ አስተማማኝ ጠቋሚ ያስፈልጋል። የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያውም በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ቢሆን ይመረጣል፤ ሳተላይቶች የድሮውን 121.5 ማዳመጥ ከየካቲት 2009 ጀምሮ አቁመዋል። አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያሰራጨው ኤዲኤስ-ቢ ደግሞ ከጥር 2020 ወዲህ በትላልቅ ኤርፖርቶች አካባቢ ግዴታ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ በአየር መሳቢያ ፓምፕ የሚዞሩትን የድሮ ጋይሮዎች፣ ማለትም የአውሮፕላኑን አቋምና አቅጣጫ የሚያሳዩትን መሣሪያዎች፣ በኤሌክትሮኒክ መተካት ተገቢ ነው፤ ያለ ዘይት የሚሠራው ደረቁ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራልና። የተጨመረውም የተነሳውም መሣሪያ የአውሮፕላኑን ክብደትና ሚዛን ስለሚለውጥ፣ ስሌቱ እንደገና ተሠርቶ ከሰነዶቹ ጋር መቀመጥ አለበት።